በደኑ በር ላይ የተሰበረች መፋቂያ

ጓደኛዬ ባጃጅ ነጂ ነው። ተሳፋሪ ኖረም አልኖረም ያወራል። እኔ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ስልክ እጠግናለሁ፤ ለደንበኛ ዋጋ ከመንገር በቀር ቀኑን ሙሉ ሳልናገር የምውልበት ጊዜ አለ። ያን ቅዳሜ አብሬው እንድሄድ ሲለምነኝ ለዝምታዬ ፈልጎኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሌላ አስቦ ኖሯል።

«አንተ ስለ ዛፍ ታወራላቸዋለህ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ጨዋ እመስላለሁ» አለኝ።

«እኔ ነኝ የማወራው?»

«ስለ ዛፍ ከሆነ ማን ያስቆምሃል? ባለፈው ስለ ኮሶ ጀምረህ ተሳፋሪዬ ወርዶ በእግሩ ሄደ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማችን ኮሌጅ የምትማር አንዲት ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። አባቷ ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ ገብስና ጤፍ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። የደብሩ ሰውም መርጦ የቤተ ክርስቲያኑን ደን እንዲጠብቁ አደራ ሰጥቷቸዋል። ጓደኛዬ ከሁዳዴ በፊት ሽማግሌ ሊልክ ተዘጋጅቶ ነበር። አባትየው ግን በልጃቸው በኩል «ከሽማግሌው በፊት ልጁን ራሱን ልየው። ቅዳሜ ሰንበት ነው፣ ሞፈር አላነሳም። ይምጣና ደኑን እየዞርን እንዋል» ብለው ላኩበት። ሲሰሙት ደስ የሚል ግብዣ ነው። ጓደኛዬ ግን ያን ሌሊት አልተኛም። ሽማግሌ ላክ ወይም አትላክ የሚባለው በዚያ ቀን መሆኑን አውቋል።

ከወረታ መንገድ ተገንጥለን ባጃጁ ሊወጣው የማይችል ዳገት ጋ ስንደርስ ከአንድ ቤት ደጅ አቁመን በእግር ወጣን። ወሩ ጥር ነበር። አዝመራው ተሰብስቧል፤ ማሳው ሁሉ ገለባና ዐፈር ነው። ከአፋፉ ላይ ሲታይ በዚያ ቡናማ መሬት መሀል ደኑ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ፣ በድንጋይ ካብ ተከቦ ክብ ሠርቷል። ከካቡ ውጪ ያለው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። ከካቡ ውስጥ ደግሞ የአገሩ ዛፍ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ወይራ፣ ብሳና፣ ወንዛ፣ ኮሶ፣ ከሥራቸውም አጋምና ቀጋ። የዛፍ ስም የተማርኩት ብቻዬን ነው፤ ቅጠል እያነሳሁ፣ ሰው እየጠየቅሁ። እንዲህ ያለውን ደን ከጠባቂው ጋር እየዞርኩ ለማየት ስመኝ ኖሬያለሁ። የጓደኛዬ ጭንቀት ባይኖር ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ቀን በሆነ ነበር።

አባትየው ገና አልደረሱም። በሩን አልፈን፣ ተሳልመን፣ ከውስጥ ቆመን ጠበቅናቸው። በሩ አጠገብ አንድ ትልቅ ዝግባ አለ። ግንዱን ተደግፌ ወደ ላይ ሳይ፣ ቅርፊቱ በየት በኩል እንደተላጠ ስመረምር፣ ከኋላዬ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር አልኩ። ጓደኛዬ የወይራ ቅርንጫፍ ቀንጥቦ ጫፉን በጥርሱ እያላመጠ ነበር።

«ምን አደረግህ?»

«ምን?» አለኝ። ከዚያ አፉ ውስጥ ያለውን ነገር አሰበው። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ከቤተ ክርስቲያን ደን ቅጠል እንደማይወጣ በእኛ አገር የማያውቅ ሰው የለም። ግዝት ነው። እሱም ያውቃል። ነገር ግን ለእሱ ወይራ ማለት መፋቂያ ነው። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመንገድ ዳር ይሰብራል፤ ሲያወራ ያላምጣል፤ ሲጨነቅ ደግሞ ይብስበታል። እጁ ሳያማክረው ሰበረ።

«ጣለው» አልኩት።

«እዚህ በሩ ላይ? ከነምራቁ? አሁን መጥተው ቢያዩትስ?»

«እንግዲያው ...»

አልጨረስኩም። አባትየው በሩን እያለፉ ነበር። ረጅም ናቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን በትከሻቸው አግድመው መጡ። ጓደኛዬ መፋቂያዋን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ኪሱ አደረጋትና በሁለት እጁ ጨበጣቸው፤ ትከሻቸውንም ሳመ።

«እንዴት አደራችሁ? መንገዱ አላስቸገራችሁም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባቴ። ምንም አላስቸገረን» አለ ጓደኛዬ። ከዚያ በኋላ፣ ከለመድኩት ውጪ፣ ዝም አለ።

ወይራው ከጀርባቸው ነበር። የተሰበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩ ልጡ ተልጦ ተንጠልጥሏል። በመመለሻችን በዚያው በር እንደምንወጣ ትዝ አለኝ። ወደ ኋላ ቀርቼ በምራቄ ያራስኩትን አፈር ብቀባው ይታይ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ግን አባትየው «ና የኔ ልጅ፣ ዛፍ የምታውቀው አንተ ነህ አሉ» ብለው ክንዴን ያዙኝ።

ጠባቧን መንገድ ይዘን ገባን። ፀሐዩ ከላይ በቅጠል መሀል ነጠብ ነጠብ እያለ ይወርዳል። ውስጡ ይቀዘቅዛል። ከውጪ ነፋስ አለ፤ እዚያ ግን የደረቀ ቅጠል ከእግራችን ሥር ሲሰበር ይሰማል። አባትየው አይቸኩሉም። በየዛፉ ሥር ይቆማሉ፤ ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ እኔን ስሙን ይጠይቁኛል። ስመልስ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጓደኛዬ ከኋላችን አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ይከተላል።

አንድ ጥቁር እንጨት ሥር ቆሙ።

«ይሄን ታያላችሁ? በአባቴ ጊዜ አንድ ሰው ከዚህ ለምሳሩ ዛቢያ ቆርጦ ወጣ። ማንም አላየውም። ምሳሩ ግን ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብሎ አልፈለጠለትም። ዛሬ ወዲህ፣ ነገ ወዲያ። በመጨረሻ የገዛ እግሩን ፈለጠው።»

«ከዚያስ?» አለ ጓደኛዬ። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

«ከዚያማ እያነከሰ መጥቶ ምሳሩን ከነዛቢያው እዚህ ሥር ቀበረ። የቆምክበት ላይ ነው።»

ጓደኛዬ ዘሎ ፈቀቅ አለ።

ጥቂት አለፍ ብለን አንድ ወይራ ጋ ደረስን። አባትየው ቅርንጫፉን ወደ ታች ስበው ቅጠሉን በጣታቸው አሹት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ለቀቁት።

«የወይራ ነገር ሰው ያታልላል» አሉ። «አንድ ዲያቆን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መቋሚያ ላበጅ ነው፣ የማገለግለው ያንኑ ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ከዚህ ቆረጠ። አለቃው ምን አሉት? ልጄ፣ መቋሚያህ ከቆመበት ነው የነቀልከው አሉት። በል መልሰህ አቁም!»

«መለሰው?» አለ ጓደኛዬ።

«የተቆረጠ እንጨት በምን ይመለሳል?»

ቀደም ብለው ሲሄዱ ጓደኛዬ እጅጌዬን ጎተተኝ። ላብ በግንባሩ ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል።

«ዐውቀውብኛል» አለ በሹክሹክታ። «በምሳሌ እየነገሩኝ ነው። አላየህም ሲያዩኝ?»

«ከሆነ ንገራቸው።»

«ካላወቁስ? ዝም ብዬ ራሴን ላሰቅል?»

የሰውዬውን ፊት ደጋግሜ አየሁት፤ ምንም አይነበብም። ዱላቸውን ባገደሙበት ትከሻ ላይ አንገታቸው ቀጥ እንዳለ ነው።

ጉሬዛዎች ከላይ ሲዘሉ አንዱ የቅርንጫፍ ጫፍ ሰብሮ መንገዳችን ላይ ጣለ። አባትየው ጎንበስ ብለው አነሱትና ከግንዱ ሥር ከተከመረው ጭራሮ ላይ ጨመሩት።

«የወደቀው ለቤተ ልሔሙ ማገዶ ነው» አሉ። ወደ ጓደኛዬ ዞር ብለው ሳቅ አሉ። «ጉሬዛ ይሰብራል። ይዞ ግን አይወጣም።»

ጓደኛዬ ለመሳቅ ሞከረ። የወጣው ሳል ነበር።

ለምሳ ደጀ ሰላም ተቀመጥን። ልጅቱ የገብስ ዳቦና ጠላ ይዛ መጥታ ነበር። አባቷ ባሉበት ቀና ብላ አላየችውም፤ እሳቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ውኃ በርሜሉ ሲሄዱ ግን አፏ ተፈታ።

«ምነው ዛሬ ምላስህን ባጃጁ ውስጥ ረሳኸው? አባባ ይሄ ልጅ ያመዋል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ።»

«ዝም በይ እስቲ።»

«ፀጉርህስ ምን ሆኖ ነው? የቅባት ዋጋ ቀነሰ እንዴ?»

ጓደኛዬ ላቡን ለመጥረግ ከኪሱ ሶፍት ሲያወጣ መፋቂያዋ አብራ ወጣችና ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ልጅቱ አየቻት። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። አባቷ ፎጣውን እየፈለጉ ነበር። እግሯን አንስታ በነጠላ ጫማዋ ረገጠቻት።

«ከገበያ ናት በለኝ» አለች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ዝም አለ። እኔንም አየችኝ፤ ዓይኔን ወደ መሬት አወረድኩ። የገበያ መፋቂያ በቢላ የተቆረጠ ነው፤ ጫፉ ቀጥ ያለ፣ ልጡ የደረቀ። ይህች ግን የተገነጠለች፣ እርጥብ ናት፤ ከጎኗ የአንዲት ቅጠል እግር ቀርቷል።

«እኛ የጠላ ጋን የምናጥንበትን ወይራ እንኳን ከወንዝ ማዶ ተሸክመን ነው የምናመጣው» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይሄን ቀን ስንት ለምኜ ነው ያገኘሁት!»

«ሳላስበው ነው። እጄ ...»

«እኔ አባባን አልዋሽም። ካልጠየቀኝ አልናገርም፤ ከጠየቀኝ ግን እናገራለሁ።» እግሯን አነሳች። «ያዛት።»

አነሳት። አባትየው ተመልሰው ተቀመጡ፣ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ ትልቁን ቁራሽ ለእሱ ሰጡት። «ብላ እንጂ። የነጂ ሆድ እንዲህ ነው?» አሉት። አንገቱን ደፍቶ በላ። እኔ ጠላዬን ስጠጣ በመጠጡ ውስጥ የወይራው ጢስ ጣዕም ተሰማኝ፤ ቀና ብዬ ልጅቱን ላያት አልደፈርኩም።

ከሰዓት በኋላ የቀረውን ግማሽ ዞርን። ኮሶው አብቦ ነበር፤ ቀይ አበባው እንደ ዘለላ ተንጠልጥሏል። በሌላ ቀን ቢሆን ከሥሩ ተቀምጬ በዋልኩ። አሁን ግን ያየሁት ሁሉ ወደ በሩ ሲያቀርበን ብቻ ነበር። አባትየው ደስ ብሏቸዋል። ስለ ባጃጁ ጠየቁት፣ ስለ እናቱ ጠየቁት። «እናትህ ብቻዋን ነው ያሳደገችህ? ጎበዝ ሴት ናት» አሉት። ምንም ክፉ ነገር አልወጣቸውም። ይህም ለጓደኛዬ ከምሳሌው የከፋ ሆነበት።

በሩ ጋ ስንደርስ አባትየው ዱላቸውን በሩ ላይ አጋደሙና አቆሙን።

«አራግፉ» አሉ።

የዚያ ደብር ልማድ ነው። ደኑን የዞረ ሰው ከመውጣቱ በፊት ልብሱ ላይ የተጣበቀውን ሁሉ ከበሩ ወዲህ ይለቅማል፤ ጭጎጎቱን እንኳን። «ዘሩም የደኑ ነው» ይላሉ። ጫማዬን አውልቄ አራገፍኩ፤ ከሱሪዬ ጭጎጎት አንድ በአንድ እየነቀልኩ ጣልኩ። ወይራው ከአባትየው ራስ በላይ ነው፤ ነጩ ስብራት ፀሐይ አርፎበታል። ቀና ቢሉ ያዩታል።

ጓደኛዬ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ሱሪውን ይለቅማል፤ ኪሱን ግን አይነካም። አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶታል። አባትየው አዩት፤ ቀረቡት።

«ጀርባህን ረሳህ» አሉ። ከሸሚዙ ጀርባ ላይ ጭጎጎቱን በጣታቸው ይለቅሙለት ጀመር። ቀስ ብለው፣ ሸሚዙን እንዳይስቡት ጨርቁን በሌላው እጅ ይዘው። «አዲስ ነው መሰል ሸሚዙ። እንዳይቀደድብህ።»

ጓደኛዬ ሱሪውን መልቀም አቆመ። አባቱን አያውቅም። እንዲህ ጀርባውን የነካው ወንድ ኖሮ እንደሆነ እንጃ። ዞረ፤ እጁን ኪሱ ከተተ፤ መፋቂያዋን በሁለት መዳፉ አድርጎ ዘረጋላቸው።

«አባቴ፣ ይሄን ጠዋት እዚህ ሰብሬያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ፊታቸውን እያየሁ ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አያውቁም ነበር። ቅንድባቸው ተሰበሰበ፤ መዳፉን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ዛፎቹን ፈለጉ። ነጩን ስብራት ሲያገኙት አፋቸው ጥቂት ተከፈተ። ልጃቸው ዳቦ የመጣበትን እንቅብ ይዛ ከኋላችን ደርሳ ቆማ ነበር። ከላይ አንድ ጉሬዛ ጮኸ።

«ቀኑን ሙሉ ይዘኸው ነው የዞርከው?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ዳቦ ስቆርስልህም?»

«አዎ፣ አባቴ።»

መፋቂያዋን ወሰዱ። ወደ ወይራው ሄደው የተንጠለጠለውን ልጥ በጥንቃቄ ቆርጠው ጣሉት፤ መፋቂያዋንም ከሥሩ አስቀመጧት። ሲመለሱ ያ የምሳ ሰዓት ፊታቸው አልነበረም።

«እሺ ብዬ ልሸኝህ ነበር» አሉት። «ከሁዳዴ በፊት ላክ ልልህ።»

ልጅቱ እንቅቡን መሬት ላይ አኖረችው።

«አሁን ምን እንደምልህ አላውቅም። የዚህን ደን ፍርድ ግን አውቀዋለሁ። የሰበረ ሰው ባለፈው ክረምት ለተተከለው ችግኝ ከምንጩ ውኃ ያመላልሳል፤ ዝናብ እስኪገባ። በሰንበት አይደለም። ከሥራ ቀንህ ትሰጣለህ። ረቡዕ።»

ረቡዕ ልጅቱ ኮሌጅ ናት። ሁላችንም አወቅን።

«ሽማግሌውስ?» አለ ጓደኛዬ።

«ስለ ሽማግሌ አልተናገርኩም። ረቡዕ ነው ያልኩት።» ዱላውን ከበሩ ላይ አነሱ። «በሉ፣ ሳይመሽባችሁ።»

ዳገቱን ወረድን። ባጃጁ ጋ ደርሶ መሪው ላይ ግንባሩን ደገፈ።

«አያውቁም ነበር» አለ።

«አያውቁም ነበር።»

«ዝም ብል ኖሮ ...»

«አዎ» አልኩት። ልዋሸው አልፈለግሁም።

በሳምንቱ ልጅቱ ስልኳን ልታሠራ ሱቄ መጣች። ስለ ዛቢያውና ስለ መቋሚያው ስነግራት ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። «ውይ! ያንን እኮ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ነው የሚያወራው» አለች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «አባባ ምንም አይናገርም። ስለ እሱ ባነሳበት ተነስቶ ይወጣል» አለችኝ።

ጓደኛዬ ረቡዕ ረቡዕ ሄደ። ምንጩ ከደኑ በታች ነው፤ ጀሪካን ተሸክሞ ወደ ላይ መውጣት ትንፋሽ ያሳጥራል። ሲመቸኝ አብሬው እሄድ ነበር። አባትየው ከሩቅ ያያሉ፣ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ስለ ነገሩ አያነሱም። ሁዳዴ ገባ፣ ፋሲካ አለፈ፣ የሠርግ ወራት አለቀ። ከችግኞቹ አንዷ ደረቀችና ጓደኛዬ የሰው ሞት ያህል አዘነ፤ «ይቺኛዋን ቆጥረውብኝ ይሆን?» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ጠየቀኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ መፋቂያ አፉ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ብሩሽ ገዝቷል።

በሰኔ አንድ ረቡዕ ውኃውን አጋምሶ ሳለ ሰማዩ ጠቆረ፤ ዝናቡም በአንዴ ወረደ። እኔና አባትየው በሩ አጠገብ ካለው ዝግባ ሥር ተጠለልን። ጓደኛዬ ግን አልቆመም። ከምንጩ ይወጣል፣ ውኃ ውስጥ በቆመ ችግኝ ላይ ውኃ ያፈሳል፣ ተመልሶ ይወርዳል።

«ይሄ ልጅ አብዷል እንዴ?» አሉኝ። «ከሰማይ እየመጣለት!»

«ዝናብ እስኪገባ ነው ያሉኝ፣ ገብቷል አልተባልኩም ይላል» አልኳቸው። እውነቱን ነው፤ ይህንኑ ነግሮኝ ነበር።

ሲወጣ ሲወርድ አዩት። የመጨረሻውን ጀሪካን ደፍቶ፣ ጥርሱ በብርድ እየተንገጫገጨ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣሉለት።

«ጀሪካንህን አስቀምጥ። ገብቷል» አሉት። ከዚያ ከእኛ ፊታቸውን አዙረው፣ ወይራውን እያዩ፣ «ሽማግሌዎችህንም ጥርሳቸውን እቤታቸው ፍቀው ይምጡ በላቸው» አሉ።